የሙሉ ቁመት ፎቶ ገበያ ከብቸና እስከ ሪያድ

ጉርድ ፎቶ ለመታወቂያ፣ ለትምህርት ቤትና ለፓስፖርት ነው። ከደረት በላይ ያለውን ያሳያል፤ ግንባር፣ ዓይንና ጆሮ ከታየ ይበቃል። ሙሉ ቁመት የሚባለው ፎቶ ጉዳዩ ሌላ ነው። ቀደም ሲል ሰው ለሠርግ፣ ለምርቃት ወይም ለበዓል ማስታወሻ የሚነሳው ፎቶ ነበር። የግል ሥራና ሠራተኛ አገናኝ ኤጀንሲዎች በአዋጅ ቁጥር 104/1990 ከተፈቀዱ ወዲህ ግን ሙሉ ቁመት ፎቶ የሥራ ማመልከቻ ሆኗል። ዓረብ አገር በቤት ሠራተኝነት ለመቀጠር የምታመለክት ልጅ ከጉርድ ፎቶዋ ጋር ከራስ ፀጉሯ እስከ እግር ጥፍሯ የሚያሳይ ፎቶ ታቀርባለች። ባሕር ማዶ ያለው ቀጣሪ የሚመርጠው ይህንኑ አይቶ ነው።

በምሥራቅ ጎጃም ከደጀን ተነስቶ ወደ ባሕር ዳር የሚዘልቀው መንገድ በብቸናና በሞጣ ያልፋል። ብቸና የእነማይ፣ ሞጣ የሁለት እጁ እነሴ ሰው የሚገናኝባቸው የገበያ ከተሞች ናቸው። አገሩ ጤፍ አብቃይ ነው፤ ማኛው አዲስ አበባ ድረስ ስም አለው። መሬቱ ለም ቢሆንም ለወጣቱ ሁሉ አይዳረስም፤ በመሆኑም ከዚህ አገር ሰው ለሥራ መውጣቱ አዲስ ነገር አይደለም። ወንዱ በሰሊጥ አጨዳ ወራት ወደ መተማና ሁመራ ቆላ ይወርዳል። ሴቷ፣ አንዳንዴ በልጅነት የተዳረችበትን ቤት ጥላ፣ አዲስ አበባ ሰው ቤት ትገባለች። ዓረብ አገር በዚሁ መንገድ ላይ የተጨመረ ሌላ ፌርማታ ነው።

በዚህ ንግድ ጎጃም ዘግይቶ የገባ ነው፤ ወሎ ቀድሞታል። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። የወሎ ልጅ ጅዳ ወይም ቤይሩት የኖረች አክስት ወይም ጎረቤት ስለማታጣ፣ ከመሄዷ በፊት ቢያንስ የምትጠይቀው ሰው ነበራት። የብቸና ልጅ ግን አብዛኛውን ጊዜ ያላት መረጃ ሁለት ነው፤ አንዱ የደላላው ወሬ፣ ሌላው ቀድማት የሄደችው ልጅ የላከችው ፎቶ።

ለመሆኑ በዚህ ገበያ ፎቶ ለማን ምን ይናገራል? ዋጋውንስ የሚከፍለው ማን ነው?

ከማመልከቻው ቅጽ እንጀምር። ቅጹ አብዛኛውን ጊዜ በእንግሊዝኛና በዓረብኛ የተዘጋጀ አንድ ገጽ ወረቀት ነው። በአንድ ጎኑ ሙሉ ቁመት ፎቶው ይገባል። ከዚያ ስም፣ ዕድሜ፣ ሃይማኖት፣ ክብደት፣ ቁመት፣ ያገባች ወይም ያላገባች፣ የልጆች ብዛት፣ የትምህርት ደረጃ፣ የምትችለው ቋንቋ፣ ቀድሞ ውጭ አገር ሠርታ እንደሆነ ይሰፍራል። ቀጥሎ የሙያ ሣጥኖች ይመጣሉ። ማጠብ፣ መተኮስ፣ ማጽዳት፣ ምግብ ማብሰል፣ ሕፃን መያዝ እያለ በየሣጥኑ ምልክት ይደረጋል። ደመወዙ ከታች ይጻፋል። የተሞላው ቅጽ በኢሜይል ወይም በዋትሳፕ ወደ መክተብ ይላካል። መክተብ የዓረቡ አገር ሠራተኛ አስቀጣሪ ቢሮ ነው፤ ቃሉን እዚያ የሠሩ እህቶቻችን አገር ውስጥ አስገብተውታል። ቀጣሪው ቤተሰብ ቅጾቹን እያገላበጠ ከወደደው ላይ ጣቱን ያሳርፋል። እዚህ ደግሞ «ቪዛ ወጣላት» ተብሎ ይወራል።

ፎቶ አንሺዎች የዚህን ፎቶ ደንብ ጠንቅቀው ያውቁታል። ጀርባው ባለ አንድ ቀለም መጋረጃ፣ እጅ ወደ ታች የተዘረጋ፣ ልብሱ ያልጠበበ፣ ጌጥ የሌለበት ይሆናል። ፊቷ ታዛዥነትን እንጂ ደስታን እንዲያሳይ አይፈለግም። ለሳዑዲ ዓረቢያ ከሆነ ፀጉር ይሸፈናል። በክርስትና ስሟ የምትጠራ ልጅ በእስላም ስም ሞልታ የምትሄድበት አጋጣሚ በርካታ ሆኖ ቆይቷል። እናቶች በግንባራቸው መስቀል ይነቀሱ በነበረበት በጎጃም፣ ልጅቷ ለፎቶው ስትል የአንገቷን ማዕተብ ፈትታ በመሐረብ ትቋጥራለች። ይህን ያዘዛት ሕግ የለም፤ ያዘዛት የገዢው ፍላጎት ነው። ነጋዴ ዕቃውን ለደንበኛው አዘጋጅቶ እንደሚያቀርብ ሁሉ፣ እዚህም ሰው ለደንበኛ ተዘጋጅቶ ቀርቧል።

ዕድሜም እንዲሁ። አዋጁ ከ18 ዓመት በታች የሆነ ሰው ለሥራ ወደ ውጭ መላክን ይከለክላል። ይሁንና የቀበሌ መታወቂያ ላይ ዓመት መጨመር የታወቀ ዘዴ ነው፤ ፎቶውም ተባባሪ ነው። ሻሽ፣ ረዘም ያለ ቀሚስና ተረከዝ ያለው ጫማ የ16 ዓመቷን ልጅ 24 ያደርጓታል።

ቅጹን ደግሞ ደጋግሞ ያየ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። እያንዳንዱ ሣጥን የሚናገረው ስለ ልጅቷ ነው። ቤቱ ስንት ክፍል እንዳለው፣ ስንት ልጆች እንዳሉበት፣ የአልጋ ቁራኛ አያት ይኑር አይኑር፣ ሠራተኛዋ የት እንደምትተኛ፣ ከዚህ በፊት የነበረችው ለምን እንደለቀቀች የሚጠይቅ ሣጥን የለም። የሥራ ውሉ የአሠሪውን ስም፣ አድራሻና የሚከፍለውን ደመወዝ ይይዛል፤ ነገር ግን ውሉ የሚመጣው ምርጫው ካለቀ በኋላ ነው። ሙሉ ቁመት የማዳም ፎቶ የያዘ ቅጽ ወደ ብቸና መጥቶ አያውቅም።

የኢኮኖሚክስ ትምህርት የቀመሰ ሁሉ የጆርጅ አከርሎፍን የአሮጌ መኪና ገበያ ያስታውሳል። አሜሪካዊው ምሁር እ.ኤ.አ. በ1970 ባወጣው ጽሑፍ፣ ሻጭ የመኪናውን ጉድለት እያወቀ ገዢ ካላወቀ ገበያው ራሱ እንደሚበላሽ አስረዳ። በዚህና በመሰል ሥራው እ.ኤ.አ. በ2001 ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። እዚህ ያለው ሚዛን ግን የተገለበጠ ነው። ጉልበቷን የምትሸጠው ልጅ ክብደቷ በኪሎ ተጽፎ ሲቀርብ፣ ገዢው ምንም አልቀረበበትም። እርሷ ለሁለት ዓመት የምትገባበትን ቤት ሳታይ ትፈርማለች። ቤቱ «አሮጌ መኪና» ሆኖ ቢገኝ መመለሻ መንገዱ በአሠሪው እጅ ነው። ከፋላ በሚባለው ሥርዓት የመኖሪያ ፈቃዷ በአሠሪው ስም የታሰረ በመሆኑ፣ ከቤቱ ወጥታ ሌላ ዘንድ ብትቀጠር ‹‹ጠፊ›› ተብላ ትፈለጋለች።

ፎቶው አንዴ ከተላከ በኋላ የት የት እንደሚዞርም አይታወቅም። የቢቢሲ የዓረብኛ ክፍል እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2019 መጨረሻ ያሰራጨው የምርመራ ዘገባ፣ በኩዌትና በሳዑዲ ዓረቢያ የቤት ሠራተኞች ከአሠሪ ወደ አሠሪ በስልክ መተግበሪያዎችና በኢንስታግራም ለሽያጭ ሲቀርቡ አሳይቷል። ዘጋቢዎቹ ገዢ መስለው ኩዌት ውስጥ ባደረጉት ማጣራት ከተሸጡት መካከል የ16 ዓመት የጊኒ ልጅ አግኝተዋል። ማስታወቂያዎቹ ፎቶ፣ ዜግነትና ዋጋ የያዙ ነበሩ። ከመተግበሪያዎቹ የአንዱ ስም «ሐራጅ» ይባላል። ቃሉን አማርኛም ከዓረብኛው የወሰደው በመሆኑ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ትርጉም አያሻውም።

ሂሳቡ

አሁን ወደ ገንዘቡ እንለፍ። ለሳዑዲ ዓረቢያ ሥራ ሲወራ ተደጋግሞ የሚጠቀሰው ደመወዝ በወር 1,000 ሪያል ነው። ሪያል እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ በ1 ዶላር 3.75 ሂሳብ የተቆረጠ በመሆኑ፣ ይህ 267 ዶላር ገደማ ይሆናል። ሁለት ዓመት ሙሉ ከተከፈላት 24,000 ሪያል ወይም 6,400 ዶላር ነው። የብር ምንዛሪ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት 1 ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። በዚያ ሂሳብ የሁለት ዓመት ድካም 364,800 ብር ነው። በጥቂት ወራት ውስጥ ዶላር 120 ብርን ሲያልፍ ያው 6,400 ዶላር ከ768,000 ብር በላይ ሆነ። የማዳም ቤት ምንጣፍ ያው፣ ሪያሉም ያው፤ ብቸና የሚደርሰው የብር ቁጥር ግን ከእጥፍ በላይ አደገ።

የምንዛሪ ለውጡ በፎቶ ቤት ደጅ የሚቆመውን ሰልፍ የሚያረዝም እንጂ የሚያሳጥር አይደለም። አባት ኩንታል ጤፍ ሸጦ በዓመት የሚያገኘውን ከልጁ የአንድ ወር ሐዋላ ጋር ማወዳደሩ አይቀርም። በእርግጥ ቁጥሩ እንዳደገ ሁሉ ቆርቆሮው፣ ማዳበሪያውና ዘይቱም ዝም ብለው አልቆዩም፤ ሐዋላው በገበያ የሚገዛው ነገር በምንዛሪው ልክ አልጨመረም።

ሂሳቡን በሰዓት ላስላ ለሚል ደግሞ ሌላ ሥዕል ይወጣል። ልጅቷ በቀን 16 ሰዓት፣ ያለ ዕረፍት ቀን 30 ቀን ከሠራች የወሩ ሥራ 480 ሰዓት ነው። 1,000 ሪያል ለዚህ ሲካፈል የሰዓቱ ዋጋ ከ2 ሪያል ብዙም አይዘል፤ 56 የአሜሪካ ሳንቲም ማለት ነው። ሳዑዲ ዓረቢያ እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2024 ጀምሮ በሥራ ላይ ያዋለችው ደንብ የቤት ሠራተኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ10 እንዳይበልጥ፣ በሳምንትም አንድ ሙሉ ቀን ዕረፍት እንዲኖር ያዛል። በዚህ ደንብ መሠረት በወር 26 ቀን ብትሠራ 260 ሰዓት ነው፤ የሰዓቱ ዋጋ ወደ 3 ሪያል ከ85 ከፍ ይላል። ደመወዙ ሳይነካ፣ ሕጉ ስለተከበረ ብቻ ዋጋዋ በ85 በመቶ ገደማ ይበልጣል። ኩዌትም እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣችው ሕግ ቁጥር 68 በቀን ከ12 ሰዓት በላይ ማሠራትን ከልክላለች፤ በተከታዩ ዓመት ዝቅተኛውን ደመወዝ 60 ዲናር አድርጋለች። ችግሩ የተዘጋ በር ውስጥ ሰዓት የሚቆጥር ተቆጣጣሪ አለመኖሩ ነው።

ለንጽጽር ፊሊፒንስን ማየት ይጠቅማል። የማኒላ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2006 መጨረሻ የቤት ሠራተኞቹ ከ400 ዶላር በታች እንዳይቀጠሩ ወሰነ፤ የማስቀጠሪያ ክፍያም ከሠራተኛዋ እንዳይወሰድ ከለከለ። ውሳኔው በየቦታው ተከብሯል ለማለት አይቻልም። ቢሆንም 400ን ከ267 ጋር ስናስተያይ በወር 133 ዶላር፣ በሁለት ዓመት 3,200 ዶላር ልዩነት ይገኛል። የሞጣ ልጅ ከሴቡ ልጅ ያነሰች ሠራተኛ ሆና አይደለም። እንግሊዝኛው ድርሻ አለው፤ ዋናው ግን ከበስተኋላዋ ቆሞ ዋጋ የሚቆርጥላት መኖር አለመኖሩ ነው።

ወደ ቤት የሚላከው ፎቶ

ሁለተኛው ፎቶ ከወዲያ ወደዚህ የሚመጣው ነው። ቀድሞ በፖስታ ወይም በመንገደኛ እጅ ይደርስ ነበር፤ አሁን በኢሞ፣ በዋትሳፕና በቲክቶክ ይመጣል። ልጅቷ የገበያ አዳራሽ ውስጥ ቆማለች። ከኋላዋ የሚያበራ ደረጃ ይታያል። ወይም ማዳም በሌለችበት ሰዓት ሳሎኑ ውስጥ ወርቃማ እግር ያለው ሶፋ ላይ ተቀምጣለች። ቤተሰቡ ለዕረፍት ኢስታንቡል ወይም ለንደን ሲሄድ ሕፃኑን ይዛ ከተከተለች ደግሞ የባሕር ዳርቻና የቱሪስት መስህብ ከጀርባዋ ይገባል። ሕፃኑ ብዙ ጊዜ ከፎቶው ውጭ ነው።

እነዚህ ፎቶዎች ውሸት ናቸው ማለት አይደለም። ሶፋው አለ፤ አዳራሹም አለ። ነገር ግን 16 ሰዓቱ በፎቶ አይገባም። የዘገየው ደመወዝ፣ በረመዳን ሌሊቱን ሲበስል የሚያድረው ምግብ፣ በአሠሪው መሳቢያ የተቆለፈው ፓስፖርት አይነሱም። ልጅቷም እነርሱን ልታሳይ አትፈልግም። የሄደችው በአባቷ ብድር፣ ምናልባትም በሬ ተሽጦ ነው። እናቷን «እማዬ፣ ተሳስቻለሁ» ብላ ከማሳዘን ሶፋውን መላክ ይቀላታል። ይህን በማድረጓ የሚወቅሳት ሰው፣ እርሱ ራሱ ከአዲስ አበባ ወደ አገር ቤት ሲሄድ ምን ለብሶ እንደሚሄድ ቢያስብ ይበጃል።

ይሁንና ገበያው ይህን ፎቶ ለእናት ማጽናኛ ብቻ አድርጎ አይተወውም። ፎቶው ከእናት ስልክ ወደ ጎረቤት ስልክ፣ ከጎረቤት ወደ ክፍል ጓደኞቿ ይሻገራል። 8ኛ ክፍል የደረሰች ተማሪ ታየዋለች። ደላላ በቃሉ ብቻ ከሚያሳምናት ይልቅ ይህ ፎቶ ያሳምናታል፤ ምክንያቱም የምታውቃት ልጅ ናት። ደላላው ሳያነሳው፣ ሳያሳትመውና ሳይከፍልበት ያገኘው ማስታወቂያ ነው። ወጪውን የሸፈነችው በሰዓት 2 ሪያል የምትሠራው ልጅ ናት።

ይህ ፍሰት ለተወሰነ ጊዜ የተቋረጠበት ወቅት ነበር። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ በኋላ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ ቆይቷል። በዚያ ጊዜ የምሥራቅ ጎጃም ቤተሰብ የልጁን ድምፅ እንጂ መልኳን የሚያይበት መንገድ ጠበበ። በአንጻሩ ግጭቱ ራሱ ልጆችን ከቀዬአቸው የሚገፋ ሆነ፤ ትምህርት ቤት ሲዘጋና መንገድ ሲቆረጥ ለመሄድ ፎቶ ማየት የግድ አይደለም።

መከልከልም ቢሆን ፍሰቱን አላቆመውም። መንግሥት በጥቅምት 2006 ዓ.ም. ለሥራ ወደ ዓረብ አገሮች መሄድን አገደ። በዚያው ሰሞን ሳዑዲ ዓረቢያ ፈቃድ የሌላቸውን የውጭ ዜጎች ማባረር ጀምራ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ተመለሱ። እገዳው በ2010 ዓ.ም. እስኪነሳ ድረስ በኤጀንሲ ይሄድ የነበረው ሰው በመተማ ወደ ሱዳን፣ በጅቡቲ ወደ የመን በደላላ መንገድ ሄደ። በበረሃ የሚያሻግር ሰው ሙሉ ቁመት ፎቶ አይጠይቅም፤ በቅድሚያ ገንዘብ ይጠይቃል።

የሞጣው ድልድይ

ሞጣ በዓለም ፊት በፎቶ የታወቀው በቤት ሠራተኛ አይደለም። ከከተማው ወደ ዓባይ ሲወረድ ሰባራ ድልድይ ይገኛል። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዐፄ ፋሲል ዘመን ተሠርቶ ጎጃምን ከማዶው የጎንደር ምድር ያገናኝ የነበረ የድንጋይ ድልድይ ነው። በጣልያን ወረራ ጊዜ መካከሉ ተሰብሮ ስሙ በዚያው ቀረ። ከዚያ በኋላ ለ60 ዓመታት ያህል መንገደኛው በክፍተቱ ላይ የሚሻገረው በገመድ ታስሮ፣ ከወዲህና ከወዲያ በቆሙ ሰዎች እየተጎተተ ነበር።

ናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2000 እትሙ ስለ ዓባይ ባወጣው ጽሑፍ ውስጥ አሜሪካዊቷ የጉዞ ፎቶ አንሺ ኔቫዳ ዊር ያነሳችው የዚህ መሻገሪያ ፎቶ ነበረበት። ኬን ፍራንትዝ የሚባል አሜሪካዊ የሕንፃ ሥራ ተቋራጭ ፎቶውን አየና አላስቀመጠው አለ። በ2002 እ.ኤ.አ. ከአገሬው ሰው ጋር ሆኖ በተሰበረው ቦታ ላይ የብረት ድልድይ ዘረጋ። ያቋቋመው ድርጅትም በሌሎች ድሃ አገሮች በመቶዎች የሚቆጠሩ የእግረኛ ድልድዮችን ለመሥራት በቃ። የሞጣውን ድልድይ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ጎርፍ ወሰደው፤ በምትኩ ተንጠልጣይ ድልድይ ተሠርቷል።

ገመድ የሚጎትቱት ሰዎች ለፎቶው የተከፈላቸው ነገር ይኑር አይኑር ዋናው ቁም ነገር አይደለም። ፎቶው የታየው ችግሩን ማቃለል በሚችል ሰው ዓይን ነው። የሚታየውም የሰዎቹ ቁመትና ክብደት ሳይሆን የነበሩበት ሁኔታ፣ ማለትም ገደሉ፣ ገመዱና ውኃው ነበር። በቅጹ ላይ ያለው ሙሉ ቁመት ፎቶ የሚጋርደው ደግሞ ይህንኑ ሁኔታ ነው። ከልጅቷ ጀርባ ያለው መጋረጃ ብቻ ነው።

በደቡብ ኦሞ ነገሩ በሌላ መልክ ይሠራል። የሙርሲ ሰዎች ቱሪስት ካሜራውን ባነሳ ቁጥር ዋጋ ይጠይቃሉ፤ ክፍያው በፎቶ ብዛት ነው። ብዙ የጉዞ ጸሐፊዎች ይህን እንደ ስግብግብነት ቆጥረው ሲያማርሩ ይነበባል። ነገር ግን በመላው ኢትዮጵያ በገዛ መልኩ ላይ ዋጋ የሚቆርጥ ሰው ቢፈለግ ከእነርሱ የቀደመ ማግኘት ያስቸግራል። የሞጣ ልጅ መልኳን ለባዕድ ለማሳየት ከፍላ ነው የምትነሳው።

ካሜራው በሠራተኛዋ እጅ ሲገባ ምን እንደሚሆን የሆንግ ኮንጓ ሲዛ ክሩዝ ባካኒ ታሪክ ያሳያል። ፊሊፒናዊት ናት፤ አሥር ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ የቤት ሠራተኛ ነበረች። የመጀመሪያ ካሜራዋን ከአሠሪዋ በተበደረችው ገንዘብ ገዝታ በዕረፍት ቀኗ መንገድ ላይ ማንሳት ጀመረች። ቀጥላም በአሠሪዎቻቸው ጉዳት የደረሰባቸውን የአገሯን ልጆች ባሉበት መጠለያ አነሳች። እ.ኤ.አ. በ2015 የማግነም ፋውንዴሽን የትምህርት ዕድል አገኘች፤ በ2018 ስለ ስደተኛ ሠራተኞች የፎቶ መጽሐፍ አሳተመች። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ከተሰጥዖዋ በፊት አንድ ነገር እንደነበራት ነው። የሳምንት ዕረፍት ቀን ነበራት፤ ከቤት መውጣትም ትችል ነበር።

ለኢትዮጵያውያኑ ካሜራ የደረሰላቸው አብዛኛውን ጊዜ ነገር ከተበላሸ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 መጀመሪያ ቤይሩት በሚገኘው የኢትዮጵያ ቆንስላ ደጅ አንዲት ኢትዮጵያዊት ስትደበደብና በግድ መኪና ውስጥ ስትገባ በቪዲዮ ተቀረጸች። ምስሉ በሊባኖስ ቴሌቪዥን ከታየ በኋላ ዓለም ተንጫጫ፤ ልጅቷ ግን በዚያው መጋቢት ወር ሕይወቷ አለፈ። የሊባኖስ የሥራ ሕግ እ.ኤ.አ. በ1946 ሲወጣ የቤት ሠራተኞችን ከጥበቃው ውጭ ያደረገ ነው። ከስምንት ዓመት በኋላ፣ በ2020 ክረምት መግቢያ፣ የአገሪቱ ገንዘብ ሲወድቅ አሠሪዎች ሠራተኞቻቸውን ከነሻንጣቸው እዚያው ቆንስላ ደጅ እያወረዱ ሄዱ። በእግረኛ መንገድ ላይ ፍራሽ አንጥፈው የተቀመጡ ሴቶች ፎቶ በየአገሩ ጋዜጣ ወጣ። በ2017 በሊባኖስ ያሉ ኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ያቋቋሙት «እኛ ለእኛ በስደት» የተሰኘው ማኅበር ያን ሰሞን ምግብና መጠለያ በማፈላለግ ስሙ ተነስቷል።

በዚያ እግረኛ መንገድ ላይ የተነሱት ፎቶዎችም ሙሉ ቁመት ናቸው። እነርሱ ግን የፎቶ ቤት ግድግዳ ላይ አይሰቀሉም።

ካሜራው ወዴት ይዙር?

በሕጉ በኩል የተደረገ ነገር የለም ማለት አይቻልም። አዋጅ ቁጥር 923/2008 የቪዛ፣ የደርሶ መልስ ትራንስፖርት፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ እንዲሁም የመድን ወጪን በአሠሪው ላይ ጥሏል። ለሠራተኛዋ የተተወው የፓስፖርት፣ የሕክምና ምርመራ፣ የክትባት፣ የልደት ሰርተፊኬትና የመሳሰለው ወጪ ነው። ከተቀባዩ አገር ጋር የሁለትዮሽ ስምምነት ሳይኖር ሠራተኛ እንዳይላክም ይደነግጋል። አዋጁ በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1246 ተሻሽሏል፤ ምዝገባውና የውል ማጽደቁ ሥራም ወደ ኮምፒውተር ሥርዓት ገብቷል። ይህ ሁሉ የወረቀቱን መንገድ ያጠራል። የመረጃው ሚዛን ግን እንዳለ ነው። ቅጹ ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር ሲዛወር የልጅቷ ክብደት አብሮ ተዛወረ፤ የቤቱ መልክ አልተጨመረም።

መጨመሩ የሚያስወጣው ገንዘብ ደግሞ የለም። በአሁኑ ጊዜ ብዙ ቀጣሪዎች ፎቶ ብቻ አይተው አይወስኑም፤ በዋትሳፕ ቪዲዮ ልጅቷን አነጋግረው፣ ተነሺ፣ ዙሪ፣ እጅሽን አሳዪ ብለው ነው። መስመሩ ተከፍቷል፤ የስልኩ ካሜራም በሁለቱም በኩል ይሠራል። ማድ ቤቱን፣ የሕፃናቱን ክፍልና የሠራተኛዋን መኝታ ለማሳየት ሦስት ደቂቃ ይበቃል። በቁምሣጥን ልክ የሆነ መስኮት አልባ ጓዳ ይሁን፣ በሩ ከውስጥ ይቆለፍ አይቆለፍ በዚያው ይታያል። ሠራተኛዋ ቀድማ የነበረችውን ልጅ ልታነጋግር ብትጠይቅም ነውር የለውም፤ አሠሪው የእርሷን የቀድሞ ሥራ ታሪክ በሣጥን አስሞልቷልና። ይህን የውል ማጽደቂያ ቅድመ ሁኔታ ማድረግ የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ሥልጣን ነው፤ አዲስ አዋጅም አያሻውም።

ኤጀንሲዎች ይህ አሠራር ደንበኛ ያሸሻል ብለው መቃወማቸው አይቀርም። መኝታ ክፍሉን ማሳየት የሚያሳፍረው ደንበኛ ቢሸሽ የሚጎዳው ኤጀንሲው ነው። ብቸና ላይ ሙሉ ቁመት ፎቶ የተነሳችው ልጅ ያኔ ቢያንስ ለሁለት ዓመት የምትተኛበትን ክፍል አይታ ትፈርማለች፣ ወይም አትፈርምም።